የተማሪ ወጭ በጉደር ገበያና በነጋዴው መዝገብ

በጉደር ገበያ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ለሽያጭ ከሚቀርቡት የእርሻ በሬዎች መካከል አንዳንዶቹ ስላረጁ ወይም ስለ ሰነፉ የሚሸጡ አይደሉም፤ የልጅ የትምህርት ወጭ ስለ ደረሰ የሚሸጡ ናቸው። ይህን ከማንም አስቀድሞ የሚያውቀው የከብት ነጋዴው ነው፤ እንዲህ ያለው ሻጭ በዋጋ ክርክር ቶሎ ይረታልና። ከእርሱ ቀጥሎ የሚያውቀው ባለሱቁ ነው። በሬው በተሸጠ ማግሥት አባትና ልጅ አብረው መጥተው ሻንጣ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ጫማ፣ የልብስና የገላ ሳሙና፣ አንድ ደርዘን ደብተር ሲገዙ ያያል። የቀረውን ገንዘብ አባትየው በመሐረብ ቋጥሮ፣ ወይም እንደ ዘመኑ በቴሌብር አስገብቶ፣ ለልጁ ያስረክባል።

ስለዚህ የተማሪ ወጭ ነገር የትምህርት ሚኒስቴርና የወላጆች ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ነጋዴው ሊያልፈው አይገባም። የተማሪው ገንዘብ በገበያ ያልፋል፤ ዱቤው በሱቁ መዝገብ ይጻፋል፤ ልጁ ተመርቆ ሥራ በያዘ ጊዜ ደግሞ ዕዳው ወደ ቀጣሪው የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ይመጣል። ይህ የመጨረሻው ነገር በንግድ ቤቶች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ስለ ሆነ ከዚህ በታች ሰፋ ተደርጎ ይነገርለታል።

ጉደር ከአምቦ በስተምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በነቀምቴ መንገድ ላይ የምትገኝ የቶኬ ኩታዬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ በአገሪቱ ሁሉ የታወቀው በወንዟና በእርሷ ስም በተሰየመው ቀይ የወይን ጠጅ ሲሆን፣ ኑሮዋ ግን በጤፍ፣ በስንዴ፣ በበቆሎና በባሕር ዛፍ ንግድ ላይ የቆመ ነው። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የጉደር ማሞ መዘምር ካምፓስ በከተማዋ መከፈቱ ለዚህ ኑሮ አዲስ ነገር ጨምሮበታል። የእርሻ ትምህርት ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ የዛሬው አምቦ ዩኒቨርሲቲ መነሻዬ ብሎ የሚቆጥረው የአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት የተመሠረተው በ1939 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ጉደር በሁለት ወገን የተማሪን ወጭ የምታይ ከተማ ሆናለች። ከሌላ ክፍለ ሀገር የሚመጣውን ተማሪ በደንበኝነት ትቀበላለች፤ የራሷን ልጆች ደግሞ ወደ ሌሎች ከተሞች ስንቅ አስይዛ ትልካለች። በአንዱ ታተርፋለች፣ በሌላው ታወጣለች።

በአገራችን ተማሪ ትምህርቱን በምን ይከፍል ነበር የሚለው ጥያቄ ዛሬ የተነሣ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ሲዞር የሚያገኘው ቁራሽ ለትምህርቱ የሚከፈል ገንዘብ ነበር ማለት ይቻላል። ለመምህሩ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እርሻውን ያግዛል። የመስጊድ ደረሳም በምእመናኑ ምጽዋት ይማር እንደ ነበር የታወቀ ነው። በዚህ ሥርዓት የአንድ ልጅ ትምህርት ወጭ በአንድ አባት ትከሻ ላይ አይወድቅም ነበር፤ በመንደሩ ሁሉ ላይ ተከፋፍሎ ስለሚያርፍ ለማንም ከባድ ሆኖ አይሰማም። ሥርዓቱ ለልጁ ረኃብና ብርድ ነበረበት፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በሬ አያሸጥም ነበር።

የዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት በነጻ የተጀመረ ነው። ኮሌጁ ከሌሎች የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ጋር ተዋሕዶ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም ተማሪው የትምህርት ዋጋ አይጠየቅም ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ተማሪው ከመመረቁ አስቀድሞ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ እንዲያገለግል ተወሰነ፤ አብዛኞቹም በየአውራጃው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነው ሠሩ። ያ አገልግሎት ዕዳ ተብሎ አልተጠራም፤ ቢሆንም በጉልበትና በዕውቀት የተከፈለ ክፍያ ነበር። በደርግ ጊዜም ትምህርቱ ነጻ ሆኖ ቀጠለ፤ ተመራቂውን ወደ ሥራ የሚመድበው መንግሥት ነበር።

ይህ ሁሉ የሆነው ተማሪው ጥቂት በነበረበት ዘመን ነው። በ1983 ዓ.ም. በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች የአዲስ አበባው፣ የዓለማያውና የአሥመራው ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። አንድ ነጋዴ አንድ ሱቅ ሳለው ለእንግዳ ሁሉ ቡና በነጻ ቢያቀርብ አይጎዳም፤ አርባ ሱቅ ከከፈተ በኋላ ግን ቡናውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ መጠየቁ አይቀርም። መንግሥትም ይህን ጥያቄ ጠይቆ፣ በ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የከፍተኛ ትምህርት ወጭ መጋራት ደንብን በሥራ ላይ አዋለ። ደንቡ በ2000 ዓ.ም. በሌላ ደንብ ተተክቷል፤ ዋና ሐሳቡ ግን አልተለወጠም።

ሐሳቡም ይህ ነው። ተማሪው ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከእጁ ምንም አይከፍልም፤ ውል ይፈርማል። በውሉ መሠረት የምግቡንና የመኝታውን ወጭ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጭ ደግሞ 15 በመቶ ያህሉን ይሸከማል። ተመርቆ ገቢ ማግኘት በጀመረ ጊዜ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ፣ ዕዳው ከ15 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ይከፈላል። በመምህርነት የሚሠለጥኑት በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት እንዲከፍሉ ተደርጓል፤ ይህም የ1957ቱን ልማድ በሌላ መልክ የሚያስታውስ ነው።

ይህ አሠራር የእኛ ፈጠራ አይደለም። አውስትራልያ እ.ኤ.አ. በ1989 ተማሪው ከተመረቀና ገቢ ካገኘ በኋላ በግብር መሥሪያ ቤት በኩል የሚከፍልበትን ሥርዓት አቋቁማለች፤ የእኛም ደንብ ከዚያ ብዙ የወሰደ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ለከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች የሚያበድር ቦርድ አቁማለች። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1998 ከተማሪው በዓመት 1,000 ፓውንድ መጠየቅ ጀምራ፣ በ2012 እስከ 9,000 ፓውንድ አድርሳዋለች። በአሜሪካ አገር የተማሪዎች ዕዳ ተደምሮ ከ1.6 ትሪልዮን ዶላር በላይ ደርሷል። በእነዚህ አገሮች ዘንድ የተማሪ ዕዳ በየምርጫው የሚያከራክር ነገር ሆኗል። የእኛ አገር ዕዳ ከእነርሱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱ ግን ሳይለወጥ የሚኖር አይመስልም። ለምን ቢሉ፣ ሒሳቡን ማየት ይበቃል።

ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚያዘው ገንዘብ ለብዙ ዓመታት 15 ብር ነበር፤ ቆይቶም 22 ብር ሆነ። በዚህ ገንዘብ ሦስት ጊዜ መብላት እንደማይቻል ለባለሱቅ መንገር አያሻም። በ2017 ዓ.ም. ግን ወደ 100 ብር ከፍ ተደርጓል። ለተማሪው ሆድ መልካም ዜና ነው፤ ለውሉ ግን ከባድ ነው። ተማሪው በዓመት 300 ቀን በካምፓስ ቢበላና አራት ዓመት ቢማር፣ በ15 ብር ጊዜ የምግብ ዕዳው 18,000 ብር ነበር። በ22 ብር ቢሰላ 26,400 ብር ይሆናል። በ100 ብር ሲሰላ 120,000 ብር ይደርሳል። መኝታውና 15 በመቶው የትምህርት ወጭ በዚህ ላይ የሚታከሉ ናቸው።

አሁን ደግሞ ወደ ደመወዙ እንምጣ። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው ጭማሪ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ የወር ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ከዚህ 10 በመቶው 1,150 ብር ነው። የ120,000 ብር የምግብ ዕዳ በዚህ ሒሳብ ቢከፈል 105 ወር፣ ማለት ከስምንት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጃል። የ18,000 ብሩ ዕዳ በዚሁ ደመወዝ በ16 ወር ያልቅ ነበር። በግል ንግድ ቤት በ6,000 ብር የተቀጠረ ተመራቂ ከሆነ ግን 10 በመቶው 600 ብር ብቻ ስለ ሆነ፣ ዕዳው 200 ወር ይወስዳል፤ 200 ወር 16 ዓመት ከ8 ወር ነው። ደንቡ ግን ከ15 ዓመት አያሳልፍም። እንግዲህ «ቢያንስ 10 በመቶ» የሚለው ቃል ውስጥ «ቢያንስ» የምትለዋ በከንቱ የገባች አይደለችም፤ በደመወዙ ማነስ ምክንያት በጊዜው መጨረስ ያልቻለ ሰው ከዚያ በላይ መቀነስ ይኖርበታል። ደመወዙ በየጊዜው ከፍ ካለም ነገሩ ይቀልላል፤ የሠራተኛ ደመወዝ ግን ከዕቃ ዋጋ ጋር እኩል ሲሮጥ የታየበት ዘመን ጥቂት ነው።

ቀጣሪ የሆነው ነጋዴ በዚህ ውስጥ የት ላይ ይገባል? በደንቡ መሠረት ይህን ገንዘብ ከደመወዝ ላይ ቀንሶ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ገቢ የሚያደርገው አሠሪው ነው። አሠሪው መንግሥት ይሁን፣ ፋብሪካ ይሁን፣ የጅምላ መጋዘን ወይም የእህል ንግድ ቤት ይሁን ልዩነት የለውም። ብዙ ነጋዴ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ መቀነስን ተለማምዷል፤ ይህ ሦስተኛው ቅናሽ ግን ሲረሳ ይታያል። ምክንያቱም አስቸጋሪ አይደለም። ተቀጣሪው አይናገርም፤ ቀጣሪው አይጠይቅም። ሁለቱም በወቅቱ የተጠቀሙ ይመስላቸዋል። ዕዳው ግን በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ተመራቂው ዋናውን ዲግሪ ሊወስድ በሚሄድበት ቀን የወጭ መጋራት ማስረጃህን አምጣ ይባላል። ጊዜያዊ ማስረጃ ይዞ አምስትና ስድስት ዓመት የቆየ ሰው የተሻለ ሥራ አግኝቶ ዋናውን ሲጠየቅ፣ በአንድ ጊዜ ሊከፍለው የማይችለው ገንዘብ ከፊቱ ይቆማል። በየወሩ 600 ብር ሲቀነስበት ቢቆይ ያን ያህል ባልተሰማው ነበር።

በዚህ ረገድ ለንግድ ቤቶች የሚበጀው አሠራር ቀላል ነው። ተመራቂ ሠራተኛ ሲቀጠር የወጭ መጋራት ውሉን ቅጂ እንዲያመጣ ይጠየቅ፤ ቅጂው ከግል ማኅደሩ ጋር ይያያዝ፤ ቅናሹ በደመወዝ ዝርዝሩ ላይ ለብቻው በተሠራ ዓምድ ይጻፍ። የሒሳብ ሠራተኛው በሌላ ዓምድ ውስጥ ቀላቅሎ ያለፈው ቅናሽ ከዓመታት በኋላ ፈልጎ ለማግኘት የሚያታክት ነው። በራሱ ስም ንግድ የከፈተ ተመራቂ ደግሞ ቀጣሪ የለኝምና ዕዳ የለብኝም ማለት አይችልም፤ ገቢውን ባስታወቀበት ግብር ከፋይነቱ የሚከፍል ነው። ከጉደርና ከአምቦ ወጣት ባለሱቆች መካከል ዲግሪ ያላቸው እየበዙ ስለ ሄዱ ይህ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል።

እስከ አሁን የተባለው መንግሥት በብድር ስለሚሸፍነው ወጭ ነው። መንግሥት የማይሸፍነው ወጭ ግን ለጉደር ገበሬ ይበልጥ ቅርብ ነው። የመጓጓዣ፣ የልብስ፣ የሳሙና፣ የፎቶ ኮፒ፣ የስልክና የኢንተርኔት ካርድ ወጭ ሁሉ ከቤት የሚመጣ ነው። አንዳንድ የትምህርት ክፍሎች ያለ ኮምፒውተር የማይሞከሩ ሆነዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ከውጭ የሚገባው ኮምፒውተርም ሆነ የእጅ ስልክ ዋጋው በዚያው ልክ ሄደ። አስመጪዎች ይህን በራሳቸው ደረሰኝ ያውቁታል። ልጁን ውጭ አገር አስተምራለሁ ብሎ የነበረ ነጋዴም ያው ክፍያ በብር ሲመነዘር እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል።

የገበሬውን ጭንቀት የሚያብሰው የገንዘቡ ብዛት ብቻ ሳይሆን የሚፈለግበት ወቅት ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ብዙውን ጊዜ ተማሪ የሚጠሩት ጤፍ ገና በማሳ ሳለ ነው። ጤፉ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ጎተራው ደግሞ በመስከረምና በጥቅምት ባዶ ነው። ሀብቱ አለ፣ ገንዘቡ የለም። በዚህ ጊዜ ገበሬው ያሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው በሬ መሸጥ ነው። በመስቀል ሰሞን በሬ ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ ሻጩ ያተረፈ ይመስለዋል፤ የእርሻ ወቅት ሲደርስ ግን ወይ በውድ ዋጋ ይገዛል፣ ወይ ከጎረቤት በሬ ጋር ይቀናጃል፣ ወይም መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። መሬቱን ለእኩል የሰጠ ሰው ከምርቱ ግማሹን አጣ ማለት ነው። አንድ በሬ ሸጦ ያስተማረ አባት ለብዙ ዓመት ሲከፍል ይኖራል፤ ይህ ወጭ በማንም ደንብ ውስጥ አልተቆጠረም።

ሁለተኛው ባሕር ዛፍ ነው። በምዕራብ ሸዋ ባሕር ዛፍ እንደ ባንክ የሚቆጠር ነገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሲተከል ልጁ አንደኛ ክፍል የገባ እንደ ሆነ፣ ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ለአጣና ብቻ ሳይሆን ለግንድም የደረሰ ዛፍ ይኖራል፤ ከተቆረጠ በኋላም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በሬ ከመሸጥ ባሕር ዛፍ መሸጥ የተሻለ መሆኑን አስተዋይ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ችግሩ የአጣና ነጋዴው ነው። ገበሬው ገንዘብ በቸኮለበት ሰዓት ዛፉን በቁሙ፣ ሳይቆጠር፣ በግምት ይገዛዋል። አጣናው በቁጥር ቢሸጥ ኖሮ ምን ያህል ያወጣ እንደ ነበር የሚያውቀው ገዥው ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ንግድ በሕግ ባይከለከልም ለከተማይቱ ነጋዴዎች ስም መልካም አይደለም፤ በዚህ ጋዜጣ ላይ መጻፉም ስለዚሁ ነው።

ሌላው እቁብ ነው። ቀድሞ ያሰበ አባት የእቁቡ ዕጣ በመስከረም እንዲደርሰው ከሌላው ባለ ዕጣ ጋር ይለዋወጣል፤ ወይም ጥቂት ገንዘብ ለቆ ዕጣ ይገዛል። ይህ ከብድር ሁሉ ርካሹ ነው። ከርካሹ ቀጥሎ የባለሱቁ ዱቤ አለ። ዱቤው ወለድ የለውም ይባላል፤ ነገር ግን ጤፍ ሲደርስ ለማን እንደሚሸጥ አስቀድሞ የተነጋገሩበት ዱቤ ከሆነ፣ ወለዱ በጤፉ ዋጋ ውስጥ ገብቶ ይገኛል። የመጨረሻውና የከፋው አራጣ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። የቀድሞው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ በ2013 ዓ.ም. ወደ ሲንቄ ባንክ ከተለወጠ ወዲህም በገጠር የሚያበድር ተቋም አለ፤ ለትምህርት ወጭ ብሎ የሚያበድር ግን ከመንግሥት ውል በቀር ለገበሬው ቅርብ ሆኖ አይገኝም። ለማዳበሪያ የሚገኘው ብድር ለልጅ ትምህርት ቢዛወር ደግሞ በመጪው ዓመት ሁለቱም ይጎድላሉ።

ይህ ሁሉ የተባለው ፈተናውን ስላለፈው ልጅ ነው። ያላለፉት ይበልጣሉ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ በዚያ የመጀመሪያ ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ፈተና 3.2፣ በ2016ቱም 5.4 ሆኑ። ወደ ውጤቱ መስመር የቀረቡት በማካካሻ ትምህርት አልፈው የሚገቡበት ዕድል ተሰጥቷቸዋል። የቀሩት ወደ ቴክኒክና ሙያ፣ ወደ ግል ኮሌጅ ወይም ወደ ሥራ ይበተናሉ።

የግል ኮሌጅ ክፍያ በውል የሚቆይ አይደለም፤ በየወሩ ወይም በየሴሚስተሩ በጥሬ ገንዘብ የሚጠየቅ ነው። በዚህ ላይ በከተማ የቤት ኪራይና የምግብ ወጭ ይጨመርበታል። ስለዚህ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚማረው ይልቅ በግል ኮሌጅ የሚማረው የድኻ ልጅ በቅድሚያ ብዙ ይከፍላል። ፍትሕ ከተባለ በዚህ ቦታ ጥያቄ ይነሣል፤ ውጤቱ ያነሰው ልጅ ብዙውን ጊዜ መጽሐፍና አስተማሪ ባነሰበት ትምህርት ቤት የተማረው ነውና። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከግል ተቋማት ከተፈተኑት መካከል ያለፉት ከአምስት አንድ እንኳ አልሞሉም። አራት ዓመት ከፍሎ በፈተናው የወደቀ ተማሪ ገንዘቡ አይመለስለትም። ወላጅ በሬውን ከመሸጡ በፊት ኮሌጁ ለዚያ የትምህርት ዓይነት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የጸና ፈቃድ ያለው መሆኑን፣ ተማሪዎቹም በመውጫ ፈተና ምን ያህል እንዳለፉ መጠየቅ ይገባዋል። ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ ናሙና ሳያይ አይከፍልም፤ ገበሬውም ለከተማይቱ ነጋዴ ምክር ጆሮውን ይሰጣልና፣ ይህን ጥያቄ የሚያስታውሰው ባለሱቁ ቢሆን መልካም ነው።

የቴክኒክና ሙያ ትምህርትን በዝቅተኛ ዓይን የማየት ልማድ እስካሁን አልለቀቀንም። በጉደርም ሆነ በአምቦ ፍሪጅና ወፍጮ የሚጠግን፣ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ሲፈለግ ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ይጠራል፤ የሚጠየቀውም ዋጋ ከአንድ ጀማሪ ተመራቂ የወር ደመወዝ ጋር የሚወዳደርበት ጊዜ አለ። ይህን እያየ ልጁን ያለ ውጤቱና ያለ ፍላጎቱ ለዲግሪ ስም ብቻ የሚያስመዘግብ አባት ገንዘቡን በጥሩ ወረት ላይ አዋለ ለማለት ያስቸግራል።

ተማሪዎቹ ራሳቸውም እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ አይደሉም። በየዩኒቨርሲቲ ከተማው የስልክ ካርድና ጣፋጭ በመኝታ ክፍሉ የሚሸጥ፣ የከተማ ልጆችን በቤት የሚያስጠና፣ ጸጉር የሚያስተካክል፣ ቅዳሜና እሑድ በምግብ ቤት የሚያስተናግድ ተማሪ አይጠፋም። በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው በካምፓስ መመገቡን ትቶ የምግቡን ገንዘብ በእጁ ተቀብሎ በከተማ መብላት ይችላል። ይህ ለከተማይቱ አነስተኛ ምግብ ቤቶች ገበያ ነው፤ ተማሪው ግን ያንን ገንዘብ ለፎቶ ኮፒና ለጫማ አውሎ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ቢበላ ማንም አያይለትም። ሽሮ የሚሸጡ ሴቶች ግን ያያሉ፤ ወሩ ሳያልቅ በዱቤ የሚበላው ማን እንደ ሆነ ያውቃሉና። የእነርሱ የዱቤ ደብተር በዚህች አገር ካሉት የተማሪ ብድር ተቋማት ሁሉ ከምንም በላይ ለተማሪው ቅርብ የሆነው ነው፤ ሴትየዋ ግን ተማሪው ሳይከፍል ተመርቆ ቢሄድ የምትጠይቀው የግብር መሥሪያ ቤት የላትም።

ወደፊት የሚመጣውን መገመት አያስቸግርም። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። ራስ ገዝ ማለት ገቢውን ራሱ የሚያስተዳድርና ከተማሪም ክፍያ የሚሰበስብ ማለት ነው። ሌሎችም በየተራ ወደዚያ እንዲሄዱ ታስቧል። ያ ቀን ወደ አምቦና ወደ ጉደር ከመድረሱ በፊት የከተማይቱ ነጋዴዎች አሁን በእጃቸው ያለውን ነገር ቢሠሩበት መልካም ነው።

በክረምት ወራት ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ልጆች ወደ ቤታቸው በሚመለሱበት ጊዜ፣ የንግድ ቤቶች ዓመታዊ ሒሳብ ለመዝጋት የዕቃ ቆጠራ ያደርጋሉ፤ የበጀት ዓመቱ በሐምሌና በሰኔ መካከል ይለወጣልና። ቆጠራው ሁልጊዜ ሰው ያንሰዋል። የሒሳብ ወይም የንግድ ሥራ ተማሪ ለአንድ ወር በቀን አበል ተቀጥሮ መጋዘን ቢቆጥር፣ ነጋዴው ርካሽና ታማኝ ቆጣሪ ያገኛል፤ ተማሪው ደግሞ በመስከረም የሚያስፈልገውን የመጓጓዣና የልብስ ገንዘብ ከበሬ ሽያጭ ውጭ ያገኛል። የእህል ነጋዴውም ከመስከረም እስከ ኅዳር ላለው ጊዜ ለታወቀ ደንበኛው ገንዘብ ቢያበድር፣ ጤፉ ሲደርስ በዕለቱ ገበያ ዋጋ እንደሚገዛው በጽሑፍ ቢስማማ፣ ገበሬው ከግምት ሽያጭ ይድናል፤ ነጋዴውም ጤፉን ያገኛል። ባሕር ዛፍ ገዥዎችም አጣናን በቁጥር የመግዛት ልማድ ቢጀምሩ በአንድ ዓመት የሚያጡትን በሦስት ዓመት በደንበኛ ብዛት ይመልሱታል።

የደመወዝ ቅናሹን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ይጨመር። ገንዘቡ ለግብር ሰብሳቢው ገቢ በሆነ ቁጥር የሚሰጠው ደረሰኝ የሠራተኛው ስም በትክክል፣ በዲግሪው ላይ እንደ ተጻፈው፣ የሰፈረበት መሆን አለበት። በመዝገብ «አበበ» ተብሎ በደረሰኙ «አቤ» የተባለ ሰው፣ የከፈለውን ገንዘብ እንደ ገና ላለመክፈል ወደ ዩኒቨርሲቲው ደጋግሞ ሲመላለስ ይውላል። የደረሰኙ ቅጂ በየወሩ ለሠራተኛው ይሰጠው፤ አንዱም በንግድ ቤቱ ማኅደር ይቀመጥ።